የሦስተኛውን ሽልማት የፈለገችው እናት

የወንድሜ ሚስት ጄሜሊ በአንድ ወቅት ሁለት ዓመት ሙሉ አርግዛ ነበር። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የመንደራችን የካፕሌላች ሰው ሁሉ ነው። ጠዋት ሆዷ እንደ ማንኛችንም ሆድ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከበሮ ያክላል። አመሻሽ ላይ የቀሚሷ ቁልፍ አልደርስ ይላል። ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ገና ስምንት ወሯ ስለነበር፣ ገበያ ላይ ሴቶቹ እየጠቀሱኝ "ወንድምሽ ደግሞ ፋታ አያውቅም?" ይሉኛል። ዘጠኝ ወር ሞላ፤ ምንም የለም። ሁለት ዓመት ሞላ፤ ምንም የለም። ቤተ ክርስቲያን አብራን የምትዘምር አንዲት ሴትማ ጠጋ ብላ፣ "ፕሪስካ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ዝሆን ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ዝሆንም ቢሆን ይኼኔ ተወልዶ ቆሞ ይሄድ ነበር" አልኳት።

ይህን ለጄሜሊ ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን መነሣት አቃታት። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ጄሜሊ ማለት ለጨው ብትላክ እንኳ ሮጣ የምትመለስ ሴት ናት። ወንድሜን ኪቦርን ያገኘችውም እንዲሁ ነው። እሱ በብስክሌት ቁልቁለት ሲወርድ እሷ በእግሯ ቀድማው አለፈች፤ ዞሮ ሲያያት ቦይ ውስጥ ገባ። ጎትታ ያወጣችውም እሷው ናት። አሁን ግን ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሦስት ቦታ ታርፋለች። ፀጉሯ ይረግፋል፣ ጥፍሯ ይሰበራል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። የምትሮጠው ወደ ጓሮ ብቻ ሆነ፤ እሱንም አንዳንዴ ሳትደርስ።

ኪቦር መንገድ ዳር ሻይ ቤት አለው። ቻፓቲው፣ የስንዴ ቂጣው፣ ስም ያለው ነው፤ የኤልዶሬት ሾፌሮች ለሱ ሲሉ መኪና ያቆማሉ። እናቴ ታፕለለይ ደግሞ፣ አገሩ ሁሉ ኮጎ፣ ማለትም አያት፣ የሚላት፣ ሰባት ላሞች አሏት። በከሰል በታሸ ቅል አርግታ የምታወጣውን ወተት፣ ሙርሲኳን፣ የቀመሰ ሰው የሌላ ቤት ሙርሲክ አይጥመውም። እንግዲህ ጄሜሊ በታመመች ቁጥር አንዱ ቻፓቲ ይጋግርላታል፣ አንዷ ቅል ታቀርብላታለች፤ ሁላችንም "ብይ፣ ጠጪ፣ በርቺ" እንላለን። እሷም እሺ ብላ ትበላለች፣ ትጠጣለች። በበላች ቁጥር ይብስባታል።

በመጨረሻ እጇን ይዤ ኤልዶሬት ከተማ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደም ቀዱ፣ በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው አንጀቷን አዩ፤ ከሳምንታት በኋላ ተጠራን። ዶክተሯ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ነበረች።

"ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ" አለቻት። "እሱ አንጀትሽን እያቆሰለው ነው። በዚህ ላይ የቆሰለው አንጀትሽ ወተት መፍጨት አቅቶታል። ስንዴ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክሽ የለም። ወተቱን አንጀትሽ ሲያገግም እናየዋለን፤ አንዳንዱ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም። እስከዚያ ጠብታም እንዳትቀምሺ።"

ጄሜሊ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ብዬ ላቅፋት ስል ለካ እየሳቀች ነው።

"ዶክተር፣ ባሌ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?"

"ምን ይሠራል?"

"ቻፓቲ ይጋግራል።"

ዶክተሯ ከንፈሯን ነከሰች።

"አማቴስ? ወተት ነው የምትሸጠው።"

"እንግዲያው" አለች ዶክተሯ መነጽሯን እያወለቀች፣ "ፍቺ ነው የማዝልሽ።" ሦስታችንም እስክናነባ ሳቅን። በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ምን የምሥራች ተነግሯቸው ይሆን ብሎ ሳይገርመው አልቀረም።

ቤት ስንደርስ ግን ሳቁ አልቆየም። እናቴ በረት አጠገብ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችን።

"ወተት ያማል? ማንን?" አለች።

"እኔን፣ ኮጎ።"

"እኛ እንግዳ የምንቀበለው በወተት ነው። ሙሽራ በወተት ነው የምንመርቀው። ሯጮቻችን ወርቅ ይዘው ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ቅል ይዘን የምንሄደው ለምን ይመስልሻል? ውሃ አጥተን ነው?"

"ሞቼ ልገኝ፣ ኮጎ፣ እኔ አልጠላሁትም። ሆዴ ነው።"

"ሆድሽ የማን ነው? የጎረቤት ነው?"

እናቴ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። በማግስቱ ማለዳ ግን አንድ ሙሉ ቅል ሙርሲክ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም። ጄሜሊ መልሳ ብትልከው ጠብ ነው፤ ብትደፋው ኃጢአት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ይጠጡታል፤ እሷ ቅሉን አጥባ ትመልሳለች።

ኑሮዋን ከሥሩ ቀየረችው። ምድጃውን ለሁለት ከፈለችው፤ የራሷ ድስት፣ የራሷ ማማሰያ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። ትልቋ ልጇ ሻሮን ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከፖሊስ ትብሳለች። "እማዬ፣ ቁሚ! ያ የስንዴ ማማሰያ ነው!" ትላለች ከጓሮ። ኪቦር ከሥራ ሲመጣ በር ላይ እንደ ዶሮ ይራገፋል፤ ዱቄቱ ካልለቀቀው አይታቀፍም። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እያየ አፉን ሲጉመጠመጥ አገኘሁትና "ምን ሆነሃል?" አልኩት። "ሚስቴን ልስም ነዋ" አለኝ፣ ቀብረር ብሎ።

ጠዋት የዳጉሳ አጥሚት በውሃ፣ ሻይ በዝንጅብል ያለ ወተት። ምሳ ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ ማለት ነው፣ በባቄላ፣ ወይም ጎመን በዘይት፣ አቮካዶ፣ እንቁላል። ስኳር ድንች በየትኛውም ሰዓት። ፍየል ሲገኝማ በዓል ነው። ችግሩ ከቤት ውጭ ነበር። የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ ሥጋ ብቻ ነው ብላ የበላችው ወጥ በፉርኖ ዱቄት የተወፈረ ሆኖ ተገኘ፤ ሙሽራዋ ስትመረቅ ጄሜሊ ቁጥቋጦ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲያ የትም ስትሄድ ምግቧን በክዳን ባለው ሳህን ትይዛለች። "የኛን ምግብ ተጸየፍሽው?" የሚላት ሲመጣ፣ "አይ፣ እሱ ነው እኔን የተጸየፈኝ" ትላለች።

በአራተኛው ወር ሆዷ ጠፋ። ፊቷ ወዛ። አንድ ማለዳ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሲያረፍዱ መካከለኛውን ልጇን ኪማሩን አዝላ፣ ሻሮንን እጇን ይዛ ሮጠች፤ አድርሳቸው ስትመለስ ደግሞ የሚያስሮጣት ነገር ሳይኖር ሮጠች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ሕፃኑን ለእናቴ ታስረክባለች፣ ገደሉ አፋፍ ድረስ ትሮጣለች፣ የኬሪዮን ሸለቆ ከላይ አይታ ትመለሳለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ጎመን ትቀነጥሳለች፣ እንደገና ትሮጣለች።

እናቴም ገበያ መሐል ቆማ አወጀች። "አያችሁ? የኤልዶሬት ዶክተር ወተት ተዪ አላት። እኔ ሙርሲክ በየቀኑ አጠጣኋት። ይኸው ዳነች!" ሰውም ወደ ቅሏ ጎረፈ። ጄሜሊ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች። "ፕሪስካ፣ ለኮጎ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?" "አትንገሪያት" አልኳት። "ደስ ብሏት ትሙት።"

ሻሮን ግን ማንም አልመከራትም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴ ለሽማግሌዎቹ የቅሏን ተአምር ስታወራ፣ ሻሮን ጣልቃ ገብታ፣ "ኮጎ፣ እማዬ እኮ አትጠጣውም። እኔ ነኝ የምጠጣው" አለች። "ኪማሩም ይጠጣል። ግን እኔ ይበልጣል።"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዱ ሳል አመጣሁ ብሎ ሳቀ። እናቴ ሻርፗን አስተካክላ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃፉ ላይ ቅል ማስቀመጡ ቀረ። ሕፃኑን ልትቀበል ስትመጣ እንኳ ከአጥሩ ወዲያ ሆና "ልጁን" ብቻ ትላለች። ጄሜሊ ይቅርታ ልትጠይቃት ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜም ላም እያለብኩ ነው ተባለች፤ አንዱ ቀትር ላይ ነበር።

በዚህ መሐል የአካባቢው የወተት ማኅበር የእናቶች ሩጫ አዘጋጀ። አሥር ኪሎ ሜትር፤ ለመመዝገብ አንድ ልጅ መውለድ በቂ ነው። አንደኛ የወጣች አንድ የምትታለብ ላም። ሁለተኛ ሃያ አራት ፓኬት የፉርኖ ዱቄት። ሦስተኛ አንድ ኩንታል ዳጉሳ።

ጄሜሊ ማስታወቂያውን አንብባ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ያበራል።

"ሦስተኛ ነው የምወጣው" አለች።

"ሰው አንደኛ እወጣለሁ ነው የሚለው።"

"ላሟ ለሆዴ አትሆን፣ ዱቄቱ ለሆዴ አይሆን። አንድ ኩንታል ዳጉሳ ግን፣ ፕሪስካ! እስከሚቀጥለው ዓመት አጥሚት!"

የሩጫው ቀን ስድሳ ሦስት እናቶች ተሰለፉ። አንዳንዷ እውነተኛ የሩጫ ጫማ አላት፣ አንዳንዷ ባዶ እግሯን ናት፣ አንዷ ጡት አጥብታ ሕፃኑን ለባሏ ወርውራ መስመር ላይ ደረሰች። እኔ ውሃ ይዤ በኪራይ ሞተር ከኋላቸው ተከተልኩ፤ ስለዚህ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ከፊት የሄደችው ፓውሊን ናት፤ ረጅም፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ስትሮጥም ተማሪ የምትቀጣ ትመስላለች። ሁለተኛ የአናጢው ሚስት ሌያ። ሦስተኛ የኛዋ፣ ፈገግ ብላ፣ ልክ እንደ ተመዘነ ነገር፣ ወደፊትም አትል ወደኋላም አትል። አምስት ኪሎ ሜትር፣ ሰባት፣ ስምንት። ውሃ ስሰጣት "ዳጉሳዬ እንዴት ናት?" ትለኛለች።

ዘጠነኛው ላይ ሌያ ጎኗን ይዛ ቆመች፤ ወጋት። ጄሜሊ ደንግጣ እሷም ቆመች።

"ሩጪ እንጂ!" አለች ሌያ እያቃሰተች።

"አንቺ ነሽ የምትሮጪው! ተነሺ በናትሽ! ሁለተኛ ከወጣሁ ዱቄት ነው የሚሰጡኝ!"

"ታዲያ ምን አለበት?"

"አልበላውማ!"

ሌያ በስቃይዋ መሐል ሳቀች፤ ሳቁ ጎኗን ይበልጥ ወጋትና ሣሩ ላይ ተኛች። ከኋላ የምትመጣዋ ገና ከኮረብታው ማዶ ናት። ጄሜሊ ሰውነቷ እንዳይቀዘቅዝ በዝግታ ሶምሶም እያለች ወደኋላዋ ታያለች። ሩጫ ላይ ሰው እንዲደርስበት የሚለምን ሯጭ እኔ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ መታጠፊያው ላይ እናቴ ብቅ አለች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ እግሯ ላይ የላስቲክ ቦቲ አለ፤ ሌላው የት እንደ ወለቀ እግዜር ይወቅ። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ዱላዋን እያወዛወዘች፣ ከጄሜሊ ጎን መሮጥ ጀመረች።

"ላሚቱን! አንቺ ልጅ፣ ላሚቱን!"

"ኮጎ፣ ይወድቃሉ!"

"አልወድቅም! ያቺ ረጅሟ ደክሟታል፣ እግሯን እይው! ላሚቱን አምጪልኝ!"

ሁለት ወር ሙሉ ከ"ልጁን" ሌላ ቃል ያልወጣት ሴት ናት። ጄሜሊ አየቻት፤ ባዶውን እግር፣ ዱላውን፣ አቧራ የለበሰውን ሻርፕ አየች። ሳቅ ፈነዳባት። "እሺ፣ ኮጎ!" ብላ ተወረወረች። የሞተሩ ነጂ "ኧረ ይቺ ሴትዮ!" እያለ ማርሽ ቀየረ። ጄሜሊ እየሳቀች ትሮጣለች፤ ስትሮጥ ይበልጥ ትስቃለች። ፓውሊን የሳቅ ድምፅ ከኋላዋ ሲቀርብ ዞራ አየች፤ መዞር አልነበረባትም። መስመሩ ላይ ጄሜሊ በሁለት እርምጃ ቀደመቻት።

ሜዳው ተናወጠ። ሴቶች እልል አሉ፣ ዘፈን ተነሣ። ሕዝቡ ተከፈለና እናቴ ቅሏን ይዛ መጣች፤ ደንቡ ነው፣ ያሸነፈ ሁሉ ሙርሲክ ይጎነጫል። ቅሉን ወደ ጄሜሊ አፍ አነሣች። ጄሜሊ ከንፈሯን ገጠመች። ዘፈኑ ቀስ በቀስ ቆመ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር "ጠጪ እንጂ!" አላት።

የሁለቱ ዓይን ተገጣጠመ። የጄሜሊ ዓይን እንባ ሞላው። እናቴ ቅሉን ዝቅ አደረገች፤ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

"ይህቺ ልጅ ወተት ያማታል!" ብላ ጮኸች። "ገበያ ላይ በወተቴ ዳነች ያልኳችሁ ውሸት ነው። ተሳስቼ ነበር። የሚስቅ አለ?"

ማንም አልሳቀም፤ ዱላዋን ይዛለች።

ከዚያ ቅሉን ወደ ራሷ አፍ አንሥታ ጉንጯ እስኪነፋ ሞላች፤ እንደ ጥንት አዛውንቶች ምርቃትም ጄሜሊ ደረት ላይ ፍፍፍ አለችባት። "ሆድሽ ባይቀበለው ቆዳሽ ይቀበለዋል!" ደገመች። ሠለሰች። ጄሜሊ አፏ እንዳይገባ ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ በአፍንጫዋ ትስቃለች፤ ወተቱ በደረት ቁጥሯ ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ነበርኩ። አሁን ነው ሕዝቡ የሳቀው፤ ከነሊቀ መንበሩ።

ላሟን አመጡ። ጥቁርና ነጭ፣ ወፍራም፣ አንገቷ ላይ ሪባን። ገመዷን ጄሜሊ እጅ ላይ እንዳስቀመጡ የማኅበሩ የሙዚቃ ባንድ ጥሩምባውን ነፋ። ላሟ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ጭራዋን ሰቅላ በረረች።

"ያዟት!" አለች እናቴ።

አሥር ኪሎ ሜትር የሮጡ እናቶች እንደገና ሮጡ። ጄሜሊ ከፊት፣ ፓውሊን ከጎኗ፣ ሌያ ጎኗን ይዛ፣ ሌሎቹ ቁጥራቸው እየተርገበገበ። በበቆሎ መሐል፣ በጸሎት ቤቱ ጓሮ፣ የታጠበ አንሶላ ቀንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ላሟ በቀጥታ ከብት የሚጠጣበት ግድብ ውስጥ ገባች። እስከ ሆዷ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ አንሶላውን ለብሳ፣ እንደ ሙሽራ አየችን። ብንጠራትም ብንለምናትም አልወጣ አለች።

መጀመሪያ ጄሜሊ ገባች። ቀጥሎ ፓውሊን፣ "ርዕሰ መምህር ነኝ እኮ" እያለች። ከዚያ ሁሉም። ላሟን ሊያወጡ ገብተው ውሃ መረጫጨት ያዙ፤ ልጆቹ ከዳር ሆነው እናቶቻቸውን በመገረም ያያሉ።

"ምንድን ነው የምትበዪው አንቺ?" አለቻት ፓውሊን፣ ፊቷን እየጠረገች።

"ዳጉሳ። ስኳር ድንች። ፍየል ሲገኝ።"

"እኔም ቻፓቲውን ልተወው?"

"ሆድሽ ካላመመሽ ምን በወጣሽ! ካመመሽ ደግሞ መጀመሪያ ዶክተር ጋ ሂጂ፤ ሳይመረመሩ መተው አያዋጣም ብላኛለች። የባሌን ቻፓቲ የመሰለ ግን የለም ይላል ሰው ሁሉ!"

ዳጉሳውን ያገኘችው ከኮረብታው ማዶ የነበረችዋ ሴት ነበረች። በቤቷ ላም እንደሌለ ሲታወቅ እዚያው ውሃው ውስጥ ተስማሙ፤ ግማሽ ኩንታል ለኛ፣ ለእሷ እስከ መከር በየማለዳው አንድ ጆግ ወተት።

ላሟ የወጣችው እናቴ ዳር ቆማ በለሆሳስ ስትጠራት ነው፤ ምን እንዳለቻት አልሰማንም። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ከፊት፣ ላሟ ቀጥላ፣ እኛ ረጥበን ከኋላ። በየአጥሩ ሰው ሲወጣ እናቴ ቆማ ትናገራለች፤ "ምራቴ ናት። ስንዴም ወተትም አትነካም። በሳህኗ የሰው ማንኪያ እንዳታስገቡ!" እንዲህ እያለች ስድስት ቤት አስተማረች፤ ሰባተኛው ላይ ድምጿ ጠፋ።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ስትወጣ ጄሜሊ በር ስትከፍት ደጃፏ ላይ ዘጠኝ እናቶች ቆመዋል። ፓውሊን አለች፣ ሌያ አለች፣ ዝሆን ነው እንዴ ያለችኝ ዘማሪዋም አለች፣ በባሏ ሰፊ ጫማ። "ወዴት ነው የምንሮጠው?" አሉ። ጄሜሊ ሕፃኑን ለኪቦር ሰጠችው፣ አጥሚቷን ቆማ ጨረሰች፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ጠቆመችና ሄደች። እኔም ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ተከተልኩ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ቻልኩ።